ለጥንቃቄ የጨመርኩት ዓመት

ሎሚ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣችና የልጇን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። እሑድ ጠዋት ለሁንዴ ልቅሶ ልትቀመጥ ነው፤ ሬሳ የለም፣ ፎቶግራፉ ይወጣል፣ ታሪኩ ይነበባል። እንዲህ ያለው ሥራ ለእኔ አዲስ አይደለም። በሰፈራችን ሰው ሲሞት የዕድሩ ዳኛ ወረቀት ይዞ የሚመጣው እኔ ቤት ነው። ኧረ ስንቱን ጽፌያለሁ! ሚስቱን ሲደበድብ የኖረውን «ለትዳሩ ታማኝ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ለጎረቤት ጨው የማትሰጠውን «እንግዳ ተቀባይ» ብያለሁ። ሰው ከሞተ በኋላ ምን ይደረጋል፣ ይሸኛል እንጂ።

ሁልጊዜ የምጀምረው ከትውልድ ዓመት ነው፤ መቼ፣ የት፣ ከማን ተወለደ። «ሁንዴ ባጫ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ ዓመቱን ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ሎሚ ፊት ለፊቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። እኔ ለዚህ ልጅ ሁለት የትውልድ ዓመት አውቅለታለሁ። አንደኛው እናቱ የወለደችበት ነው፤ ሁለተኛው እኔ የሰጠሁት። ሁለተኛው ነው የገደለው።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባላል፤ እኔም ከሥሩ ልናገረው። መሰለች ገሠሠ እባላለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ናዝሬት የተመደብኩት በ1968 ዓ.ም. ነው፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ። መጀመሪያ ሙቀቱንም አቧራውንም ረገምኩት። በወሩ ግን ጋሪ ላይ ተሳፍሬ ገበያ ስወጣ የተወለድኩበት መሰለኝ፣ በዚያው ቀረሁ። የማስተምረው አማርኛ ነበር። ቁጡ ነኝ፤ ያን ጊዜም ቁጡ ነበርኩ። ፊደል ያለቦታው ገብቶ ሳይ ደሜ ይፈላል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ቀዩ እስክሪብቶ» ይሉኝ ነበር፣ የማልሰማ መስሏቸው።

አንድ ቀን በአውራጃው የመምህራን ስብሰባ ላይ አንድ ሱፐርቫይዘር ብድግ አለና «የናዝሬት ልጅ ሦስት ቋንቋ ይናገራል፣ አንዱንም አይጽፍም» አለ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ቆይ ብቻ፣ አሳይሃለሁ አልኩ በልቤ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሁሉ ለልጆቹ ብዬ ነው እያልኩ ኖርኩ። ውሸት ነው። ለራሴም ብዬ ነው።

ሁንዴ እኔ ክፍል የገባው በ1976፣ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ረጅም ስለሆነ የኋላ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ፊቱ ግን የሕፃን ነው፣ ጉንጩ ገና አልወረደም። አባቱ ባጫ ሞጆ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው በመኪና አደጋ ሞተ። እናቱ ሎሚ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ቤታቸው የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን ልጁ የለመደው ከመንገድ ነው። ፊደሉን ደግሞ እናቱ ቲማቲም ከምትጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣና ከጭነት መኪና ጎን ላይ ጽሑፍ።

መጀመሪያ ቃለ ጽሕፈት በሰጠሁ ቀን ሃምሳ ቃል ጠራሁ። የሁንዴ ወረቀት ላይ ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ቀድቷል አልኩ። ጠራሁና «ከማን ነው የቀዳኸው?» ብዬ ጆሮውን ጎተትኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጎተትኩት። ከዚያ እኔ ጠረጴዛ ጎን ለብቻው አስቀምጬ ሌላ ሃምሳ ጠራሁለት፤ እኔ ራሴ መዝገበ ቃላት ገልጬ የማያቸውን ጭምር። አሁንም ምንም ስሕተት የለበትም።

«እንዴት አወቅኸው?» አልኩት።

«አንዴ ካየሁት አይጠፋኝም፣ ቲቸር። ተሳስቶ የተጻፈ ሳይ ዓይኔን ያመኛል» አለኝ።

እኔን ነው የሚመስለው! እዚያው በደስታ አቀፍኩት። የጎተትኩት ጆሮው ገና ቀልቶ ነበር።

በዚያው ዓመት እናቱም ተማሪዬ ሆነች። ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር፤ ሎሚ የሽንኩርት ሽታዋን ይዛ፣ ሻርፗን ፈትታ፣ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ሰው ሁሉ «ሀደ ሁንዴ» ነው የሚላት፣ የሁንዴ እናት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው እጠራት ጀመር። እንደ ልጇ አይደለችም፣ ቀስ ብላ ነው የምትይዘው። የያዘችውን ግን አትለቅም። እኩያሞች ነን፤ እሷ ግን «እርስዎ» ነው የምትለኝ፣ አስተማሪዋ ነኛ።

በ1977 ሰርኩላር መጣ፤ ለአገሪቱ ተማሪዎች በሙሉ የቃለ ጽሕፈት ውድድር ተዘጋጅቷል ይላል። መጀመሪያ በትምህርት ቤት፣ ከዚያ በአውራጃ፣ ከዚያ በክፍለ ሀገር፣ መጨረሻ አዲስ አበባ። ቃል ይጠራል፣ ልጁ ሰው ፊት ቆሞ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ አንድ ፊደል ከሳተ ይቀመጣል። እኔ ሰርኩላሩን እያነበብኩ ሱፐርቫይዘሩን ነበር የማየው።

ስድስት ወር አለማመድኩት። ከትምህርት በኋላ ክፍሉን ዘግተን እኔ እጠራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የምጠራው፣ ልማዴ ነው። ርቦት እንደሆነ እንኳ የምጠይቀው ጠመኔው ከእጁ ሲወድቅ ነበር። በአውራጃው ውድድር ከዐሥራ ዘጠኝ ልጆች መካከል ብቻውን ቆሞ ቀረ። ያ ሱፐርቫይዘር ተነሥቶ ሲጨብጠኝ «ሦስት ቋንቋ ይናገራል፣ አንዱን ግን ይጽፋል» አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በክፍለ ሀገሩም ከሚያልፉት ሁለት ልጆች አንዱ ሆነ።

ከዚያ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ወደ አዲስ አበባ የሚላኩት ልጆች ያለ ወላጅ ሳምንት ስለሚያድሩ፣ ከዐሥራ አራት ዓመት በታች የሆነ አይላክም፤ ዕድሜውን የሚገልጽ የቀበሌ ማስረጃ ይቅረብ።

ሁንዴ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቱን ስጠይቃት «ንጉሡ ሊወርዱ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው፣ በጥቅምት፣ ሽንኩርት ሲነቀል» ብላኛለች፤ 1965 ማለት ነው።

ያን ጊዜ ዕድሜ መጨመርና መቀነስ ማንም እንደ ኃጢአት የሚቆጥረው ነገር አልነበረም። የልደት ወረቀት ያለው ማነው? ዕድሜህ ቀበሌ የጻፈልህ ነው። ለሥራ ሲፈለግ ይጨመራል፣ ጡረታ ሲደርስ ይቀነሳል፤ የእኛ ትምህርት ቤት ዘበኛ ከታላቅ ልጁ በዘጠኝ ዓመት ብቻ ይበልጥ ነበር። ስቀን እናልፋለን። እኔም ምን አለበት አልኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ሎሚንና ሁንዴን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። የቀበሌው ጸሐፊ ኃይለየሱስ የሚባል ነበር፤ ታይፑ ላይ ወረቀት አስገባና «ጓድ መሰለች፣ የልጁ ዕድሜ ስንት ነው?» አለኝ።

ዐሥራ አራት ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ከዚያ ልጁን ዞር ብዬ ሳየው ያ የሕፃን ጉንጩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ደብዳቤው ዐሥራ አራት እያለ እኔም ልክ ዐሥራ አራት ብል ያስነቃል አልኩ። ለጥንቃቄ አንድ ልጨምርበት አልኩ።

«ዐሥራ አምስት» አልኩት። «በ1962 ነው የተወለደው።»

ኃይለየሱስ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ጻፈው። እኔ በምስክርነት ፈረምኩ። ወላጅ ይፈርም ሲባል ሎሚ እንደ ልማዷ አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ሰደደች። እኔ ተቆጣሁ። «ሀደ ሁንዴ! ምን ልሁን ብዬ ነው የደከምኩት? ጻፊ እንጂ!» አልኳት። እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ «ሎሚ» ብላ ጻፈች። በሕይወቷ የመጀመሪያ ፊርማዋ ነው። ኃይለየሱስም ሳይቀር አጨበጨበላት። ላብ አጥምቋት ትስቃለች።

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቅርባ አየችው። የታይፕ ጽሑፍ ገና ማንበብ አትችልም ነበር። «ቲቸር፣ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ለልጅሽ መልካም ነገር ይላል» አልኳት።

በማግሥቱ የትምህርት ቤቱን መዝገብ ከፍቼ የሁንዴን ዓመት ከቀበሌው ጋር አስማማሁት። በራሴ እጅ። ፊደል ሲሳሳት የሚያመኝ ሴትዮ!

አዲስ አበባ አብሬው ሄድኩ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡት ልጆች ጢማቸውን የተላጩ ነበሩ፤ የእኔ ልጅ ሰሌዳው ጫፍ ለመድረስ ባይቸገርም ድምፁ ገና አልጎረነነም። ከአገር ሦስተኛ ወጣ። የምስክር ወረቀት፣ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላትና እስክሪብቶ ተሸለመ፤ ፎቶግራፍ ተነሣ። እኔ መድረኩ ሥር ሆኜ እንደ እብድ አጨበጨብኩ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ መዝገበ ቃላቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር። ሞጆን ስናልፍ፣ አባቱ የሞተበት መንገድ ላይ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከዚያ ዞር ብሎ «ቲቸር፣ አሁን ውድድሩ አልቋል አይደል? ወደ ዐሥራ ሁለት ልመለስ?» አለኝ።

ሳቅኩ። «ቀስ ብለን እንመልስሃለን፣ ምን አስቸኮለህ?» አልኩት።

«ቶሌ» አለ። እሺ ማለቱ ነው።

አልመለስኩትም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ያን ሰሞን ሄጄ «ተሳስተናል» ብል በአንድ ማኅተም ያልቅ ነበር። ግን ምን ብዬ? ሦስተኛ የወጣው ልጅ ደንቡን አያሟላም ነበር ልበል? በዚያ ውድድር እኔ ምስጉን መምህርት ተብዬ ነበር። በዓመቱ ምክትል ዳይሬክተር አደረጉኝ። የምስክር ወረቀቴን በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ።

በ1980 ታኅሣሥ ላይ ለቀበሌያችን የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። ኃይለየሱስ መዝገቡን ገልጦ ዐሥራ ስምንት የሞላቸውን አወጣ። ሁንዴ ዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው። መዝገቡ ላይ ግን በ1962 የተወለደ ነው። እኔ አርፌ ዐሥራ አራት ብዬ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ ላይም ገና ዐሥራ ሰባት ነበር። ለጥንቃቄ ብዬ የጨመርኳት ያቺ አንድ ዓመት ናት የወሰደችው። ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ እንደ ሠራሁት እኔና አምላኬ እናውቃለን።

ከቤቱ ጠዋት ወሰዱት። ሎሚ ባዶ እግሯን ትምህርት ቤት ድረስ ሮጣ መጣች። «ያ ዋቆ! አምላኬ! ቲቸር፣ ልጄን ያዙት! ልጅ ነው በሏቸው፣ እርስዎን ይሰማሉ፤ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፣ ያውቁታል!» ትለኛለች፣ እጄን ይዛ። የተያዙት ልጆች በቀበሌው አዳራሽ፣ ፊደል ባስተማርኳት አዳራሽ፣ ሦስት ቀን ይቆያሉ፤ በአራተኛው ቀን መኪና ይመጣል። ቤቷ ሄዳ ስንቅ እንድታዘጋጅለት ነገርኳትና ብቻዬን ቀበሌ ሄድኩ። ከእሷ ጋር መሄድ ፈርቼ ነው።

ኃይለየሱስ አልተቆጣም። ፋይሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በጣቱ አሳየኝ። «ይህ የማን ፊርማ ነው፣ ጓድ መሰለች?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ወይ ያን ጊዜ ለመንግሥት ዋሽተሻል፣ ወይ አሁን እየዋሸሽ ነው። የትኛውን ልጻፍልሽ?»

ወህኒ ቤት ታየኝ። ሥራዬ ታየኝ። ግድግዳዬ ላይ ያለው መስታወት ታየኝ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገውና እሱም ታየኝ። «በል ተወው» አልኩት። ስወጣ ከአዳራሹ መስኮት ሁንዴ አየኝ። እጁን አነሣልኝ፣ ክፍል ውስጥ መልስ ሲያውቅ እንደሚያነሣው። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ለሎሚ «ነገሩ ይታያል ብለዋል» አልኳት።

በሁለተኛው ቀን ከትምህርት ቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ ሳለሁ በሬ ተንኳኳ። «ቲቸር! ቲቸር መሰለች!» ሎሚ ናት። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ዋጥኩ። አንኳኳች፣ ጠበቀች፣ ደግማ አንኳኳች። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ አልተነቃነቅኩም። በማግሥቱ ጠዋት መኪናዎቹ ሄዱ።

ከግንባር አንድ ደብዳቤ መጣ። ሎሚ ራሷ አንብባው ነበር፤ እኔም እንዳየው ብላ ይዛልኝ መጣች። አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳተም። «ለቲቸር መሰለች ንገሪልኝ» ይላል፣ «ጽሕፈት ለማያውቁት ጓዶቼ ሁሉ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ።» አንብቤ መለስኩላትና ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ።

ሎሚ ከዚያ በኋላም ቤቴን አልተወችም። በየቅዳሜው ከገበያ ስትመለስ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት ይዛ ትመጣለች። ትቀመጣለች፣ ስለ ገበያው ታወራለች፣ ከዚያ ፊቴን ትንሽ ታየኝና «በሉ ደህና ዋሉ» ብላ ትነሣለች። ምስጋና መሰለኝ። ሞኟ ሴትዮ፣ የልጇን ገዳይ በቲማቲም ታበላለች እያልኩ በራሴ ላይ እራገም ነበር። ያመጣችውን አልበላውም፣ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ።

በ1983 መንግሥት ወደቀ። የተበተነው ወታደር በናዝሬት በኩል ሲጎርፍ ሎሚ የውድድሩን ፎቶግራፍ ይዛ አውቶቡስ ተራ ቆማ ከረመች። የዛሬ አሥር ቀን መሐመድዘይን የሚባል የሻሸመኔ ልጅ፣ ከሁንዴ ጋር አንድ ጦር ውስጥ የነበረ፣ ቤቷን አፈላልጎ መጣ። ሁንዴ በ1981 የካቲት ላይ አጠገቡ ነው የሞተው። የዕድሩ ሰዎች መርዶውን በማለዳ ነገሯት። ይኸው እንግዲህ ዛሬ ዓርብ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ወረቀቱም ከፊቴ ነው።

«ምን ሆኑ ቲቸር? ይጻፉ እንጂ» አለችኝ።

1962 ብዬ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም። መዝገቡም የምስክር ወረቀቱም ያንን ነው የሚለው። እሑድ ይነበባል፣ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ያልፋል። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

«ሀደ ሁንዴ» አልኳት፣ «ያ ለውድድሩ የፈረምሽው ወረቀት... ዕድሜውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት። ሁለቱ ይበቃ ነበር፣ አንዱን ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ሲይዙት ቀበሌ ሄጄ ፈርቼ ተመለስኩ። በሬን ስታንኳኪ ቤት ነበርኩ።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። እንድትጮህ ጠበቅኩ። በጥፊ ብትለኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ሎሚ አልጮኸችም። ፌስታሏን ፈትታ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ እጥፋቱ ተልጧል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አውቃለሁ» አለች።

«መቼ?»

«በያዙት ማግሥት። ቀበሌ ሄጄ ልጅ ነው ስላቸው፣ ይኸው ፊርማሽ አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ያን ጊዜ የተሰጠኝን ቅጂ ከሳጥኔ አወጣሁ። ከረፋድ እስከ ማታ አነበብኩት፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ።» አንቺ አለችኝ። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «በርሽን ያንኳኳሁ ቀን በእጄ ይዤው ነበር።»

«ልትጣዪኝ ነበር የመጣሽው?»

«ምን ያደርግልኛል መጣላት? አብረን እንድንሄድ ነው። ሁለታችን ፈርመናል፣ ሁለታችን ሄደን ውሸት ነው እንበላቸው ብዬ ነው። እኔ ብቻዬን ብል አልሰሙኝም። አንቺ ከጎኔ ብትቆሚ ምናልባት ይሰጡን ነበር። ካሰሩንም አብረን እንታሰር ነበር።»

«ታዲያ በየቅዳሜው ለምን ትመጪ ነበር?» አልኳት።

«ዛሬ ትነግረኛለች እያልኩ ነዋ! ይህቺ ሴትዮ ዛሬ ትነግረኛለች፣ ዛሬ ትነግረኛለች። ብቻዬን ማወቁ ከበደኝ፣ አቦ።»

አለቀስኩ። አላባበለችኝም፤ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ መጻፍ የጀመርኩበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «አሁን እኔ ልጥራ፣ አንቺ ጻፊ» አለች።

እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ትጠራልኛለች፣ እኔ እንደማደርገው። ሁንዴ ባጫ ናዝሬት ውስጥ በጥቅምት 1965፣ ሽንኩርት ሲነቀል ተወለደ። ሽንኩርቱን ልተወው ስል «ጻፊው» አለችኝ፣ ጻፍኩት። ስድስተኛ ክፍል ሳለ በቃለ ጽሕፈት ከአገር ሦስተኛ ወጣ። ለውድድሩ ተብሎ ሦስት ዓመት ተጨመረበት። የጨመረችበት አስተማሪው መሰለች ገሠሠ ናት። እናቱ ሎሚ ሳታነብ ፈረመች።

«ይህን አልጽፍም» አልኳት። «አንቺ ምን አጠፋሽ? ምን ይላል ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

«ስሜ አለበት። ጻፊ።»

ጻፍኩ። በ1980 ታኅሣሥ ወሰዱት። በ1981 የካቲት ሲሞት ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንድም ቃል ሳትዘል እስከ ታች አነበበችው። ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ስትጨርስ እስክሪብቶዬን አንሥታ ከሥሩ «ሎሚ» ብላ ፈረመች። ወረቀቱን መለሰችልኝ፣ ሻርፗን አስተካክላ ተነሣች።

«የምታነቢው አንቺ ነሽ» አለችኝ በሩ ላይ ሆና። «እሑድ በሦስት ሰዓት ነው። እንዳትቀሪ።»

«አልቀርም» አልኳት።